ዳይፐር ለሌሊት፣ ጨርቅ ለቀን

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። እያደገ ሲሄድ ወደ 6 ይወርዳል። ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ፍሬ 25 ብር እንያዘውና፣ በቀን 6 ማለት በወር 180 ፍሬ፣ 4,500 ብር ነው። ወጪው ሲከብድ ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ርካሽ ዳይፐር መፈለግ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ቁጥሩ ይቀነስ ባይ ነኝ። በቀን 2 ዳይፐር ብቻ የሚጠቀም ቤት በዚሁ ስሌት የሚያወጣው 1,500 ብር ነው። ከተረፈው 3,000 ብር ላይ ሳሙናና ውሃ ቢቀነስም የሚተርፈው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንስማማ። ቁጠባው ከልጁ ቆዳ ላይ አይሆንም። የረጠበ ዳይፐር «ገና ይይዛል» እየተባለ ከሰዓት ሰዓት አይገፋም፤ ሰገራ ካለበት ደግሞ ወዲያው ይቀየራል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ለዩ

አንድ ሙሉ ቀን ልጁ በተቀየረ ቁጥር ሰዓቱንና ቦታውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ማታ ስታዩት አብዛኛው ዳይፐር ያለቀው ቀን ላይ፣ እቤት ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ መሆኑን ታያላችሁ። ዳይፐር በእርግጥ ዋጋውን የሚያወጣው ረጅሙ የሌሊት እንቅልፍ ላይና ከቤት ሲወጣ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ክትባት ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት። የቀረውን ሰዓት ለጨርቅ ስጡት።

ደረጃ 2፦ ጨርቁን አዘጋጁ

ብዙ መግዛት አያስፈልግም። ያረጀ ጋቢ ካለ ከሱ የሚሻል የለም፤ ደጋግሞ ከመታጠቡ የተነሳ ለስልሷል፣ ጥጥ ስለሆነም እርጥበት ይመጥጣል። ያረጀ ነጠላ፣ የጥጥ አንሶላና ቲሸርትም ይሆናል። የሚገዛ ከሆነ አቡጀዲ ይበቃል፤ አዲስ አቡጀዲ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ እርጥበት አይመጥም። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ይቅር፤ ሽንቱን ሳይመጥ ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

ስፋቱና ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡና ጠርዙ እንዳይተረተር በማሽን አስመቱት። 24 ያህል ቢኖራችሁ ለሁለት ቀን ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ወሳኝ ነው። ከጋቢው ደግሞ ወደ ስንዝር ተኩል የሚረዝም፣ አራት ጣት የሚሰፋ መምጠጫ ቁረጡ።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ጨርቁን ከጥግ ወደ ጥግ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉት። ረጅሙ ጎን ከልጁ ወገብ ሥር ይነጠፋል፣ ሹሉ ጫፍ ወደ እግሩ ይዞራል። መምጠጫውን መሐል ላይ አጋድሙት፤ ወንድ ከሆነ ከፊት በኩል ደርብ አድርጉት፣ ሽንቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሹሉን በእግሮቹ መሐል አሳልፋችሁ ወደ ሆዱ ሳቡና ሁለቱን ክንፎች ከላይ አምጥታችሁ በመርፌ ቁልፍ አያይዙት። ስትወጉ ሁለት ጣታችሁ በጨርቁና በልጁ ሆድ መሐል ይግባ፤ መርፌው ቢስት የሚያገኘው የእናንተን ጣት ነው። እትብቱ ካልወደቀ ጨርቁ ከእምብርቱ በታች ይታሰር።

ከላዩ የሚደረገውን የላስቲክ ፓንት ለቤት አልመክርም፤ ሙቀቱንና እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ከልጁ ሥር የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስ ብታነጥፉ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ እጥበቱን ሥርዓት አስይዙት

ጨርቅ የጀመሩ ወላጆች ተስፋ ቆርጠው ወደ ዳይፐር የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። የሚያደክመው አጠራቅሞ ማጠብ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት ይታጠብ።

ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች አዘጋጁ፤ አንዱ ለሽንት፣ አንዱ ለሰገራ። መዳህ የጀመረ ልጅ ካለ ውሃ ያለበት ባልዲ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ፤ ትንሽ ውሃም ሕፃን ያሰጥማል። ሰገራ የነካው ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውሃ ከቀደመው እድፉ ይይዛል። ልጁ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ሰገራው ስለሚጠጥር አስቀድሞ ሽንት ቤት ይራገፋል። ከዚያ ሁሉም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብና አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ይለቅለቅ። ጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና የልጁን ቆዳ ያስቆጣል፣ ጨርቁንም እንዳይመጥ ያደርገዋል። ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻም ክሩን ስለሚሸፍነው አትጨምሩ።

በረኪናን በተመለከተ በጥብቅ የምለው አለ። ሽንት በተጠራቀመበት ባልዲ ላይ በረኪና አታፍስሱ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ለማንጣት ፀሐይ ይበቃል፤ እርጥቡን ጨርቅ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ስጡት።

ውሃ ለመቆጠብ የመጨረሻው ማለቅለቂያ አይደፋ፤ ለነገው የመጀመሪያ መዘፍዘፊያ ይሆናል። የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ሽንት ቤት ይፍሰስበት።

ክረምት ላይ ግን ግትር አትሁኑ። ሐምሌና ነሐሴ ጨርቁ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ሳይደርቅ ሲቀር፣ እርጥበት ያለውን ከማሰር ዳይፐሩን በቀን ወደ 4 ከፍ ማድረግ ይሻላል። መብራት ካለ ካውያ ያግዛል።

ደረጃ 4፦ አሸኑት

እናቶቻችን ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃና ጠብቶ ጥቂት ሲቆይ ከጭናቸው ላይ አንስተው «ሽሽሽ» እያሉ ወይም እያፏጩ ያሸኑት ነበር። ይህ ዘዴ በከተማ መረሳቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይሠራል። በኬንያ ጠረፍ በሚኖሩ የዲጎ ቤተሰቦች ላይ ተጠንቶ በ1977 እ.ኤ.አ. «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ እናቶቹ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምረው በድምፅና በአያያዝ እያለማመዱ ልጆቹ በ5 እና በ6 ወር ገደማ በጥሪ እንደሚሸኑ ይገልጻል።

የልጁን ጀርባ ደረታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ከጭኖቹ ሥር ያዙት፣ ከፊቱ ሳፋ ይሁን፣ ድምፁን አሰሙት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከተለጠጠ ወይም ካለቀሰ ተዉት፤ ግዴታ ሲሆን ይጠላዋል። በቀን ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሳካ ሁለት ጨርቅ ከመታጠብ ተረፈ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ የቀረውን ዳይፐር አውቃችሁ ግዙ

የእሽጉን ዋጋ በውስጡ ላለው ፍሬ አካፍሉ። ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ አይረክስም። የዳይፐሩ የልክ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን በተመሳሳይ ዋጋ የሚገባው ፍሬ ስለሚያንስ፣ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አይታችሁ ልጁ ሳይደርስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አትዝለሉ። ጭኑ ላይ ምልክት ከጣለ ወይም ወደ ጀርባው መፍሰስ ከጀመረ ግን ጊዜው ደርሷል።

ከማታውቁት ዓይነት ሙሉ እሽግ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍሬ ፈልጋችሁ ፈትኑ። ዳይፐሩን ዘርግታችሁ መሐሉ ላይ ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ደረቅ ሶፍት ላዩ ላይ ተጫኑ። ውስጡ ያለው ዱቄት ጥሩ ከሆነ ውሃውን ወደ ዝልግልግ ነገር ለውጦ ይይዘዋል፣ ሶፍቱም ደረቅ ይወጣል። ሶፍቱ ከረጠበ የልጁም መቀመጫ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ረጥቦ ያድራል። የጎኑን ማጣበቂያም ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት።

ጅምላ ለመግዛት ልጅ ካላት ጎረቤት ጋር መካፈል ጥሩ ነው። ልጅ በ5 ወሩ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ስለሚያደርስ ከአንድ ቁጥር ከወር በላይ የሚሆን አታከማቹ። አራስ ጥየቃ የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣ ካለም ቁጥር 3 በሉት፤ ቁጥር 1 ሁሉም ያመጣል፣ ሳያልቅም ይጠብባል።

እርጥብ ሶፍት ለመንገድ ብቻ ይቀመጥ። እቤት ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ጨርቅ ለቆዳውም ይሻላል። ያገለገለ ዳይፐር ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ ማሰር የሚሞክሩ አሉ፤ ጀርሙ እዚያው ስለሚቀር በፍጹም አይደረግ።

ደረጃ 6፦ ሥራ ስትመለሱ እቅዱን ከልሱ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እናት በቤት ያለችበት ይህ ጊዜ ለጨርቅ የተመቸ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁን የሚይዘው ሞግዚት ወይም አያት ናቸው። አስተሳሰሩን ቀድማችሁ አሳዩአቸው፣ እጥበቱም በእነሱ ላይ ብቻ አይውደቅ፤ አባትየው ጠዋት ሳይወጣ ባልዲውን ቢጨርስ ሥርዓቱ ይዘልቃል። ካልተቻለ ከሰዓት በኋላ አንድ ዳይፐር ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ ቆዳውን እዩ

በተቀየረ ቁጥር በደንብ ይድረቅ፣ በቀን ለጥቂት ጊዜም ራቁቱን ይተኛ። ከቀላ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ይቀባ፤ ፓውደር አትነስንሱ፣ ብናኙን ይስበዋል። መቅላቱ በ3 ቀን ካልተሻለው ወይም ዙሪያውን ቀያይ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጨርቅ አንድ ጥቅም አለው፦ ሽንቱ ወዲያው ይታወቃል። ከተወለደ 5 ቀን ያለፈው፣ ጡት የሚጠባ ልጅ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ ሊሸና ይገባል። ከዚያ ካነሰ በቂ ወተት ላያገኝ ስለሚችል ይታይ።

ደረጃ 8፦ ፖፖ

ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው፣ ሽንቱ ሲመጣ በምልክት ማሳወቅ ከጀመረ፣ ፖፖ ላይ አስቀምጡት፤ ጠዋት እንደነቃና ከምግብ በኋላ። ጨርቅ ለብሶ ያደገ ልጅ መርጠቡ ስለሚሰማው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገባዋል። የሌሊቱ ዳይፐር ለተጨማሪ ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ትልቅ እሽግ አትግዙ፤ ትንሹ ይበቃል።