ኮምፒዩተሩ «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» ሲል



ጁባ ከተማም ሆነ ጎሮም መጠለያ የሚኖር ስደተኛ የቀጠሮ ጥሪም፣ የዘመድ ደብዳቤም በኢሜይል ሊመጣለት ይችላል። እንደ ተንደርበርድ ያለው ደብዳቤ ማውረጃ ፕሮግራም «የሰርቨሩ ሰርተፊኬት አይታመንም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ብዙዎቻችን ቸኩለን «ቀጥል» የሚለውን እንጫናለን። እባክዎ ጥቂት ይታገሱ።

ሰርተፊኬት የሰርቨሩ መታወቂያ ወረቀት ነው። በእጃችን እንዳለው መታወቂያ ስም፣ የሚያገለግልበት ጊዜና የሰጪው አካል ፊርማ አለው። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃልዎን ከመላኩ በፊት ሦስቱንም ያመሳክራል።

በእኛ ዘንድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ የሰዓት ባትሪ ካለቀች፣ ጄኔሬተር በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ወገናችን በቅንነት የኢትዮጵያን ዘመን፣ ለምሳሌ 2018 ብሎ ይሞላበታል። ለኮምፒዩተሩ ይህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈ ጊዜ ስለሆነ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። የአውሮፓውያኑን ቀን ይሙሉ። የሰዓት ክልሉንም የጁባ ያድርጉት፤ ጁባ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። (አንዷ ሰዓት ብቻዋን ችግሩን አታመጣም።)

ፊርማውን አላውቀውም ካለ ፕሮግራሙ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ያሳድሱት።

ስሙ ካልገጠመ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። የጂሜይል ደብዳቤ የሚያወርዱ ከሆነ ስሙ «ጂሜይል ነጥብ ኮም» በሚለው ማለቅ አለበት። የሰርቨሩን አድራሻ በትክክል ጽፈው ሳለ ሌላ ስም ከመጣ፣ በመካከል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል። በሆቴልና በቡና ቤት ዋይፋይ ላይ ይህ ይቻላል። «ቀጥል» ካሉ የይለፍ ቃልዎ እጁ ይገባል፤ የጉዳይዎን ደብዳቤ ከእርስዎ ቀድሞ ያነባል። ስለዚህ ይሰርዙና በስልክ መስመር ኢንተርኔት እንደገና ይሞክሩ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር ከተባለው የኔዘርላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በጉግል ስም የሐሰት ሰርተፊኬት ወጥቶ የኢራናውያን ኢሜይል ተጠልፎ ነበር። ነገሩ በይፋ የታወቀው አንድ ኢራናዊ ማስጠንቀቂያውን ዝም ብሎ ባለማለፉ ነው። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ።

አስቀድመው «ቀጥል» ብለው ከሆነ፣ በተንደርበርድ ማስተካከያ ውስጥ ሰርተፊኬቶች የሚለውን ከፍተው ያመኑትን ሰርቨር ያጥፉ። የይለፍ ቃልዎንም በዚያው ቀን፣ በሌላ መስመር ይቀይሩ።