ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለምትወርዱ ማሳሰቢያ

ከሐሙሲትም ይሁን ከደብረ ታቦር ስንቅ ቋጥራችሁ ዋንዛዬ ለምትሰነብቱ ሁሉ፦ ፍል ውሃው ያለው ጉማራ ዳር ነው። ጉማራ ከጉና ተነሥቶ፣ ፎገራን አቋርጦ ጣና ይገባል። እናንተ የታጠባችሁበትን ታች ያለው ሰው ይቀዳዋል፤ ከብቱም ይጠጣዋል።

ሜዳ ላይ አትጸዳዱ። ይህ ከሁሉም ይብሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ለመጠመቅ በሰፈሩ ምእመናን መካከል ኮሌራ ተነሣ፤ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛመተ። ፈውስ ፍለጋ የሄደ ሰው በሽታ ይዞ ሲመለስ ያንገበግባል። መጸዳጃ ቤት ካለ በእሱ ተጠቀሙ። ከሌለ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ ጎርፍ በማይወርድበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ብዙ ቀን የምትሰነብቱ ደግሞ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ በጋራ ቆፍሩ፤ አመድ ነስንሱበት፤ ስትነሡ በአፈር ድፈኑት።

ከመጸዳጃ ስትመለሱና እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሃይላንድ ከታች በኩል በሚስማር ብሱና ዛፍ ላይ አንጠልጥሉት፤ ክዳኑን ስታላሉት ይፈስሳል፣ ስታጠብቁት ይቆማል።

የምትጠጡትን ውሃ አፍሉ፤ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት።

ልብስ ወንዙ ውስጥ አትጠቡ። በጄሪካን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፣ እጣቢውንም አፈር ላይ ድፉ። እንዶድ ቅጠላ ቅጠል ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዓሣ ይገድላል። ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ፤ የእነሱ ዘር ደግሞ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ የለም።

የቁስል ጨርቅ፣ ሞዴስና ዳይፐር ውሃ ዳር አይጣል። ምላጭ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀም፤ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚመላለሰው።

ስንቃችሁን በአገልግልና በዘንቢል ያዙ። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል፤ ላም ከዋጠችውም ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ እንጂ አታቃጥሉ። አጥንትና ትራፊ ጅብ ይጠራልና ቅበሩ።

ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢኖር አትደብቁት፤ ፍል ውሃውም ውስጥ አይግባ። ኦአርኤስ እያጠጣችሁ በፍጥነት ጤና ጣቢያ አድርሱት።