ሥራ አያዋርድም፤ ደመወዝ መንፈግ ግን ኃጢአት ነው



በሀገራችን የእጅ ሙያ ክብር ሳያገኝ ኖሯል። ገበሬው አንጥረኛው በሠራው ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» ይለው ነበር። መኳንንቱም ሸማኔው የሠራውን ኩታ ተጎናጽፈው «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን ከልብ ፈጥኖ አልወጣም።

ያ ንቀት ባሕር ተሻግሮ እስከ ኮሎምበስ ተከትሎናል። በሀገሩ መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ ወንድም እዚህ በመጋዘን ዕቃ ሲያነሣ ወይም አረጋውያንን ሲያስታምም ሥራውን ከወገኑ ይሰውራል። ሥራውን የሚሰውር ሰው ደግሞ የተቀነሰበትን ሰዓት ለመጠየቅ ያፍራል። ኀፍረቱም ለበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል።

የምንኖርባት ከተማ ግን ሌላ ታሪክ አላት። የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1886፣ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበርም በ1890 የተመሠረቱት በዚሁ በኮሎምበስ ነው። የፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ጎምፐርስ ሲጋራ ጠቅላይ ነበር፤ በሙያው ሳያፍር የሙያ ጓደኞቹን መብት ጠየቀ። በ1938 የፌዴራሉ ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ ደነገገ። በዚህ ሕግ መሠረት በሰዓት የሚከፈለው አብዛኛው ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይገባዋል። የኦሃዮ ሕዝብም በ2006 ድምፅ ሰጥቶ ዝቅተኛው ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ እንዲሻሻል በሕገ መንግሥቱ አጸና፤ በ2025 በሰዓት 10 ዶላር ከ70 ሳንቲም ደርሶ ነበር።

ጌታችን በጠራቢ ቤት አደገ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ሰበከ። ኦሪት የድኻው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ታዝዛለች፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተነፈገ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይመሰክራል። ይህ ቃል ከእኛ መካከል ምግብ ቤትና ሱቅ ለከፈቱትም የተነገረ ነው። አዲስ የመጣን ዘመድ «ቤተሰብ ነህ» ብሎ ያለ በቂ ክፍያ ማሠራት ዝምድና አይባልም። ተቀጣሪውም ሰዓቱን አክብሮ፣ ተቈጣጣሪ ባይኖርም በታማኝነት ሊሠራ ይገባዋል።

እንግዲህ የሠራነውን ሰዓት በየዕለቱ በደብተር እንጻፍ፤ የደመወዝ ወረቀታችንን ከደብተሩ ጋር እናመሳክር፤ ጉድለት ካለም በትሕትና፣ ነገር ግን ሳንፈራ እንጠይቅ። ልጆቻችንም በምን ሥራ እንዳሳደግናቸው ሳናፍር እንንገራቸው።