ደወሉ ለሰው እንጂ ለፕሮግራም አይሰጥ

መቐለ ውስጥ «የላፕቶፕህን ማሳወቂያ ቀንስ» የተባለ ሰው ቢያመነታ አይፈረድበትም። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ፣ ስልኩም አንዴ መጥቶ ሌላ ጊዜ ጠፍቶ፣ የዘመድ ወሬ የሚሰማው በሰው በሰው ነበር። የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሞ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲመለስ የመልእክት ድምፅ ራሱ የምሥራች ሆነ። እንዲህ ላለ ሰው ማሳወቂያ ማጥፋት በገዛ እጅ መስመር እንደ መቁረጥ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን መልእክትና ማሳወቂያ ለየቅል ናቸው። ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ እስክትከፍቱት ይጠብቃል፤ ማሳወቂያው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም «መጣ» ብሎ የሚጮኸው ነው። ጩኸቱን ብታስቀሩ ከመልእክቱ የሚጎድል የለም። እንዲያውም የመረጃ ጥማት ያለበት ሰው ነው ይበልጥ ማጥራት ያለበት፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ የግማሽ ቀን መልእክት ባንድ ጊዜ ይዘንባልና፣ የአማካሪ መምህር አጭር መልእክት በሃያ የቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ መሃል ትቀበራለች።

ስለዚህ መነሻችን ማን ይጥራን የሚለው ይሁን። ኡቡንቱ ወይም ፌዶራ ላይ በኖም ዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ሴቲንግስን ከፍታችሁ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ግቡ፤ ፕሮግራሞቹ በስም ተዘርዝረዋል። የሶፍትዌር ማዘመኛውን፣ የሙዚቃ ማጫወቻውን፣ ብሮውዘሩን አንድ በአንድ ዝጉ። ብሮውዘሩን የምጠቅሰው ያለምክንያት አይደለም፤ ባንድ ወቅት «ፍቀድ» የተባለለት የዜና ድረ ገጽ ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ ያንኳኳል። ቀጥሎ ቴሌግራም ነው። በዴስክቶፑ ቴሌግራም የማሳወቂያ ክፍል የግል ውይይት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ግሩፕና ቻናልን አጥፉ፤ የግሉን ተዉት፤ ከዚያ የቤተሰቡን ወይም የቡድን ሥራውን ግሩፕ ብቻ በልዩ ሁኔታ አስገቡ። በዚያው አጋጣሚ ከግሩፕና ከቻናል ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ፤ የዳታ ጥቅላችሁ ያመሰግናችኋል።

ኢሜይል ሌላ ጠባይ አለው፤ ለኔ ኢሜይል ጨርሶ መደወል የለበትም። ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ በሴቲንግስ ጄኔራል ክፍል አዲስ መልእክት ሲመጣ ማስታወቂያ አሳይ፣ ድምፅ አሰማ የሚሉትን ሁለቱንም ምልክት አንሱ። ከዚያ ሜሴጅ ፊልተርስ ገብታችሁ የአማካሪያችሁ፣ የአለቃችሁ ወይም የክፍሉ ጽሕፈት ቤት አድራሻ ሲመጣ «ኢምፖርታንት» የሚለው መለያ እንዲለጠፍ እዘዙ፤ ሳጥኑን ስትከፍቱ መልእክታቸው ቀይ ሆኖ ዐይን ይገባል። የዳታውን ጉዳይ ካነሣን፣ ተንደርበርድ በየ10 ደቂቃው መፈተሹ የሚበላው ኢምንት ነው፤ ጥቅሉን የሚጨርሰው አባሪ ፋይል ነው። ይሁንና ማውረዱን ጨርሶ አትዝጉ፤ ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት የሚነበበው የወረደው ብቻ ነው። በሲንክሮናይዜሽን ክፍል የመጨረሻዎቹን 30 ቀናት ብቻ እንዲያስቀምጥና ከወሰናችሁት መጠን በላይ የሆነውን እንዲተው ማድረግ ያስታርቃል።

«የሥራ ቅጥር ጥሪ ከማላውቀው አድራሻ ቢመጣስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። ፊልተር የሚያውቀውን እንጂ ያልታሰበውን አያውቅም። መድኃኒቱ ሳጥኑን በተወሰነ ሰዓት መክፈት ነው፤ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ከሥራ መውጫ በፊት። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ኢሜይላቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲያዩ የተደረጉ ሰዎች እንዳሻቸው ከሚያዩበት ጊዜ ያነሰ ውጥረት ታይቶባቸዋል። ለቅጥር ጥሪ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ብዙም አይጎዳም፤ እናት ታመመች የሚል ወሬ ደግሞ በኢሜይል አይመጣም፣ በስልክ ይመጣል። «ስልኬ እያለ ላፕቶፑ ምን ቸገረኝ» ለሚለውም መልሱ ያው ነው፦ ስልኩ ከጠራ ላፕቶፑ ደግሞ መጥራቱ ለምን? እ.ኤ.አ. በዚያው ዓመት ከፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ሰው ስልኩን ሳያነሣ እንኳ የማሳወቂያው ድምፅ ብቻ ትኩረቱን እንደሚያስተው አሳይቷል።

«ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ሁሉን ዝም የሚያሰኝ ማብሪያ ለመጨረሻ ያስቀረሁት ሰውንና ማስታወቂያን ሳይለይ ስለሚዘጋ ነው። ቦታው ላፕቶፑ ፕሮጀክተር ላይ ሲሰካ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በምታቀርቡበት ሰዓት የወንድም ቀልድ ግድግዳው ላይ እንዳይነበብ ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት።