ምዕራፍ 7፦ ቡችላዋን ወደ ግቢዎ ከማስገባትዎ በፊት

ግቢ ውስጥ ውሻ ስትወልድ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ወንዶቹ ቡችሎች ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ለጎረቤትና ለዘመድ ቃል ይገባባቸዋል። ሴቶቹን የሚጠይቅ የለም። «ትወልድብናለች» ይባላል። ከዚያ አንድ ማለዳ በካርቶን ተይዘው ወንዝ ዳር ወይም ሥጋ ቤት ጓሮ ይጣላሉ። የሚጥላቸው ሰው ጨካኝ ላይሆን ይችላል፤ «አንድ እግዜርን የሚፈራ ያነሳቸዋል» ብሎ ነው የሚሄደው። የመንገድ ውሻ የምንለው እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም፤ ዘሩ ቢቆጠር የአንድ ሰው በር ላይ ያደርሳል።

ከተጣሉት ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፈችው ግን ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ለመውለድ ትደርሳለች። እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድም ትችላለች። በአንድ ጊዜ ስድስት ብትወልድ በዓመት 12 ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሴት ከሆኑ የሚቀጥለውን ዓመት እርስዎ ያስሉት። ድመት ደግሞ ትብሳለች፤ ልጆቿን እያጠባች እንደገና ማርገዝ ትችላለች።

ከተሞቻችን ለዚህ ለረጅም ጊዜ የነበራቸው መልስ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ማታ ይበተናል፤ ውሻው ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ራሱን ሳይስት፣ ተሠቃይቶ ይሞታል። ጭካኔውን እንኳ ብንተወው ውጤት የለውም። የሥጋ ቤቱ አጥንትና የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ስላሉ ከሌላ ሰፈር ውሻ ይመጣል፤ የተረፉትም ምግብ ስለሚተርፋቸው ቡችሎቻቸው ያድጋሉ። የተከተበው ውሻ ካልተከተበው ጋር አብሮ ማለቁም ሌላ ኪሳራ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲቆም ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። የሚያልቀው ሰው ብቻም አይደለም፤ በባሌ ተራሮች ከገበሬ ውሾች የተላለፈው በሽታ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ዛሬ በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም።

ስለዚህ አንዲት የተጣለች ቡችላ ማንሳት መልካም ነው። ለእኔ በብዙ ገንዘብ «የፈረንጅ ውሻ» ከመግዛት የሀበሻዋን ማንሳት ይበልጣል፤ ሆዷም ጠንካራ ነው፣ ጥበቃም አታንስም። ግን የሚያነሱት የዛሬን ልቅሶዋን ብቻ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊዘልቅ የሚችል ዕድሜዋን ነው። ተከራይ ከሆኑ አከራይዎን አስቀድመው ያነጋግሩ። ኮንዶሚኒየም የሚጠብቁም ያስቡበት፤ ቤት ሲቀየር በር ላይ የሚቀረው ውሻ ጥቂት አይደለም።

ምግቧን በተመለከተ ቤታችን አንድ ችግር አለበት፦ ሽንኩርት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ድስት የተጠረገበትን እንጀራ መስጠት ልማዳችን ነው፤ ለእሷ ግን ቁሌት ያልገባበት ምግብ ለብቻ ይቀቀልላት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አይስጧት፤ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ውሻዋ ሳትጠየቅ ጿሚ ትሆናለች። እሷ ግን ንስሐ የምትገባበት ኃጢአት የለባትምና በጾሙም ሥጋ ወይም እንቁላል ይኑራት።

በዓል ሲመጣ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻዋ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል፤ ልጅ እሷን ሲዳብስ በእጁ ወደ አፉ ከገባ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ላይ ሊበቅል ይችላል። ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ሲቀብሩም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ ይሁን። የትል መድኃኒቷንም የእንስሳት ሐኪም በሚነግርዎት ጊዜ ይስጧት። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሯ ይጀመራል፤ ከዚያ ሐኪሙ በሚሰጥዎት ቀጠሮ ይደገማል። ሰው ከነከሰች ግን ክትባቷን አምነው አይቀመጡ፤ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ዋናው ጉዳይ ማምከኑ ነው። ሐኪሙ በማደንዘዣ ማህፀኗንና የእንቁላል ማፍሪያዋን ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወሯ አካባቢ ይሠራል። «አንዴ ትውለድና ከዚያ» የሚሉ አሉ፤ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም፣ እንዲያውም ቀድሞ ማምከን የጡት ካንሰርን ይቀንስላታል። በር ዘግቶ መጠበቅም አያስተማምንም። ወንዶችን የምትስብበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥርዎ ሥር ያድራል፣ አንዱ ቀዳዳ ያገኛል። ወንድ ውሻ ካለዎትም ያስኮላሹት፤ የሌላ ሰው ካርቶን የሚሞላው እሱ ነው።

የማምከኛው ወጪ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ቡችላዋን ለጊዜው አይውሰዷት። ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ የሰፈሩን ውሾች ማስከተብ ትችላላችሁ፤ ያም ትልቅ ሥራ ነው። ለመውሰድ ከቆረጡ ግን ስም ከማውጣትዎ በፊት ሐኪም ጋ ይሂዱና ቀጠሮ ያስይዙላት።