የአምባዛ ዘር፦ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጉልበት

በኬንያና በኡጋንዳ በኩሬ ከሚረቡት ዓሦች አንዱ አምባዛ ነው። ከጣና እስከ ቱርካና በየሐይቁ የሚገኘው ይህ ዓሣ በተፈጥሮው የሚራባው ዝናብ ጥሎ ውሃው ዳር ዳሩን ሲያጥለቀልቅ ነው። በኩሬ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አይጥልም። ስለዚህ አርቢዎች ሴቷን የሆርሞን መርፌ ይወጓታል። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ሆዷን በቀስታ ጨምቀው እንቁላሉን በሳህን ይቀበላሉ። የወንዱ ዘር ግን በመጭመቅ ስለማይወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ተገድሎ ቆለጡ ይወጣል። እንግዲህ ሥራው ከተበላሸ እንቁላሉም፣ ለዘር የተቀለበው ወንድም በከንቱ ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ ድካም ያለ ጊዜው የገባ ጥቂት ውሃ ሊያበላሸው ይችላል። ለመሆኑ በውሃ የሚኖር ዓሣ ዘሩ በውሃ እንዴት ይበላሻል?

ዘሩ በወንዱ ሆድ ውስጥ ሳለ አይንቀሳቀስም። በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ጨውነት ስላለው እንደተኛ ይቆያል። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካው ግን ወዲያው ይነቃና ጭራውን እያወናጨፈ መዋኘት ይጀምራል። ለዚህ ሥራ የሚያወጣው ኃይል ኤ.ቲ.ፒ. በሚባል ንጥረ ነገር መልክ በሴሉ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ስንቁን የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የሴሉ ክፍሎች ናቸው። ሆኖም ጭራው የሚፈጀውን ያህል በፍጥነት መተካት አይችሉም። በዚያ ላይ ውሃው ወደ ሴሉ እየገባ ያሳብጠዋል። ስለዚህ የአምባዛ ዘር አንዴ ከነቃ በደንብ የሚዋኘው አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። እንቁላሉም ዘሩ የሚገባበት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ እርሷም ውሃ ከነካት በኋላ ቶሎ ትዘጋለች።

ስለዚህ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. እጅ፣ ሳህን፣ ምላጭና የዓሣው ገላ በፎጣ ይደርቃሉ።

2. ቆለጡ በምላጭ ተሰንጥቆ የዘሩ ፈሳሽ ይወጣል። ማቅጠን ካስፈለገ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 9 ግራም ጨው ይሟሟል። ይህም ክሊኒክ ውስጥ በደም ሥር ከሚሰጠው ኖርማል ሳላይን ጋር እኩል የጨው መጠን ነው። ዘሩ በዚህ ውስጥ ሳይነቃ ስለሚቆይ ስንቁን አያባክንም።

3. ዘሩ በእንቁላሉ ላይ ይፈስና በደረቅ የወፍ ላባ በቀስታ ይደባለቃል።

4. በመጨረሻ የእንቁላሉን ያህል ንጹሕ ውሃ ተጨምሮ ወዲያውኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ከዚያም እንቁላሉ ታጥቦ በሚንቀሳቀስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘረጋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቀን አለፍ ሲል ይፈለፈላል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ውሃ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ የማይጨመረው ለምንድን ነው?

ለ. ዘሩን በጨው ውሃ ፈንታ በንጹሕ ውሃ ያቀጠነና እንቁላሉን ለመቀበል አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው ምን ያጋጥመዋል?

ሐ. ሳህኑ እርጥብ ቢሆን የሚጎዳው ዘሩ ብቻ ነው ወይስ እንቁላሉም? ምክንያቱን አስረዱ።