ለፖሊስ የሚስማማ ሽጉጥ አመራረጥና አያያዝ



ጸጥታ አስከባሪው በወገቡ የሚታጠቀው ሽጉጥ የመንግሥት ንብረት ብቻ ሳይሆን የከተማው ሕዝብ አደራም ነው። የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ቢከዳ የሚሞተው ፖሊሱ ነው፤ በማያስፈልግበት ሰዓት ቢተኩስ ደግሞ የሚሞተው መንገደኛው ነው። ስለዚህ የሽጉጥ ምርጫ የግምጃ ቤት ሹማምንት ብቻ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አይደለም፤ ማንኛውም የከተማ ነዋሪ መሠረቱን ሊያውቀው ይገባል። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የምናደርጋት የጅቡቲን ከተማ ነው፤ በአካባቢያችን እንደ እርስዋ ብረትን የሚፈትን አየር ያለበት ከተማ ጥቂት ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ከቀድሞው ዘመን የምንማረው

ጅቡቲ ከጦር መሣሪያ ጋራ ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። ከተማዪቱ በ1888 ገደማ ከመቈርቈሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለችው በታጁራ በኩል ብዙ ጠመንጃ ወደ ሸዋ ይገባ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ያደረሰው በዚያው መንገድ ነው። አባቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስያሜ ነው፤ «ሰናድር» የተባለውም ስናይደር ከተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው።

ከእነዚህ ስሞች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። የመሣሪያው ዓይነት በበዛ ቍጥር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱም መለዋወጫ ሌላውን አይጠግንም። በአንድ ግምጃ ቤት ውስጥ አምስት ዓይነት ሽጉጥ ያከማቸ የፖሊስ ጣቢያ ብዙ መሣሪያ ያለው ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ ያለው ብዙ ችግር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ «አንድ ዓይነት ሽጉጥ፣ አንድ ዓይነት ጥይት» የሚል ይሁን።

፪. የባሕር ዳር አየር በብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በጅቡቲ ከተማ በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚሁ ጊዜ ካምሲን የተባለው ትኵስ ነፋስ ከምድረ በዳው አቧራ እያነሣ ይነፍሳል። በሌላው ወራት ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ጨው ተሸክሞ በየቤቱ ይገባል። ለሽጉጥ እነዚህ ሦስቱ፣ ማለት ጨው፣ አቧራና ላብ፣ የተባበሩ ጠላቶች ናቸው። ጨውና ላብ ብረቱን ያዝጋሉ፤ አቧራውም ከቅባቱ ጋራ ተለውሶ እንደ ጭቃ ይሆንና ተንሸራታቹን ብረት ያስራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መሣሪያ ዝገት ሲፈራ ዘይት ይበዛበታል፤ ነገር ግን በአቧራማ አገር የበዛ ዘይት አቧራን ይሰበስባል። የሚሻለው ብረት በብረት ላይ በሚንሸራተትበት ቦታ ጥቂት ጠብታ አድርጎ፣ የቀረውን አካል በቀጭኑ ዘይት በነካ ጨርቅ መጥረግ ነው።

፫. የሌሎች አገሮች ፈተና

የኦስትሪያ ሠራዊት በ1980 ገደማ አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ የመሣሪያውን ውበት ወይም የፋብሪካውን ዝና አልጠየቀም፤ የሚፈልገውን በዝርዝር ጻፈ እንጂ። ሽጉጡ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚፈታና የሚገጠም ይሁን፤ ከሁለት ሜትር ከፍታ በብረት ሰሌዳ ላይ ቢወድቅ አይተኩስ፤ የአንዱ ዕቃ ያለ ሞረድ በሌላው ውስጥ ይግባ፤ ከ10,000 ጥይት ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ነክሶ አይቅር የሚል ነበር። ውድድሩን በ1982 ያሸነፈው ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቀው ጋስተን ግሎክ ነው። እጀታውና አካሉ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ይህ ግሎክ 17 የተባለው ሽጉጥ በካርታው 17 ጥይት ይይዛል፤ የዕቃዎቹም ብዛት 34 ያህል ብቻ ነው። ፕላስቲክ አይዝግምና ለባሕር ዳር አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም አፈ ሙዙ፣ ተንሸራታቹ ብረትና የካርታው ሞላ ያው ብረት ስለ ሆኑ ከመወልወል ነጻ አይደሉም።

በጅቡቲ እስከ 1977 የገዛችው ፈረንሳይም ልዩ ልዩ መንገድ ሞክራለች። በ1950 የተቀበለችው ማክ 50 የተባለው ሽጉጥ ሁለንተናው ብረት፣ ጠንካራ፣ ግን በካርታው 9 ጥይት ብቻ የሚይዝ ነበር። በ1973 የወጣው ማኑርሐን ኤም ኤር 73 ደግሞ ጥይቱ በሚሽከረከር ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥበት ሪቮልቨር ነው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ዳግመኛ መሳብ ብቻ ይበቃዋል፤ ይሁን እንጂ የሚይዘው 6 ጥይት ነው፤ ውስጡም ሲበላሽ የሠለጠነ የመሣሪያ ጠጋኝ ይፈልጋል። በመጨረሻም ፈረንሳይ ከ2003 ጀምሮ ለፖሊስ፣ ለዣንዳርምና ለጉምሩክ ሲግ ፕሮ 2022 የተባለውን አንድ ዓይነት ሽጉጥ፣ በጠቅላላው ወደ 250,000 የሚጠጋ፣ አደለች። ሠራዊቷ ደግሞ በ2020 ከ74,000 የሚበልጥ ግሎክ 17 አዘዘ። ሁለቱም የሚተኩሱት 9 በ19 የተባለውን፣ በ1902 የወጣውንና በየአገሩ በቀላሉ የሚገኘውን ጥይት ነው።

በኢትዮጵያ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የታወቀው የሶቪየት ማካሮቭም ሊዘነጋ አይገባም። በ1951 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሽጉጥ ዕቃው ጥቂት፣ ለመፍታት ቀላል፣ ለሻካራ አያያዝም የሚታገሥ ነው። ነገር ግን 8 ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ጥይቱም 9 በ18 ነው። በስም የሚቀራረቡት ሁለቱ ጥይቶች አይተካኩምና ግምጃ ቤት ጠባቂው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ማደል የለበትም።

፬. ትልቅ ጥይት ይሻላልን?

«ጥይቱ ትልቅ ከሆነ ሽጉጡ ይሻላል» የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በ1986 በማያሚ በተደረገ ተኩስ ሁለት ባልደረቦቹ ከሞቱበት በኋላ ወደ ኃይለኛ ጥይት ዞሮ ነበር። ነገር ግን የእጅ ምቱ ስለ በረታ ብዙዎች አነጣጥረው መተኮስ አቃታቸው፤ ወደ 30 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላም መሥሪያ ቤቱ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ዒላማውን የመታ ትንሽ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ትልቅ ጥይት ይበልጣልና።

ይህ ነገር ለከተማ ሰው ምን ያህል እንደሚነካው ለመረዳት የጅቡቲን ሰፈሮች ማሰብ ይበቃል። በቀድሞዎቹ ባለ ቍጥር ሰፈሮችም ሆነ በባልባላ ብዙው ቤት ከቆርቆሮና ከሳንቃ የተሠራ ነው። ከሽጉጥ የወጣ ጥይት ቆርቆሮና ሳንቃ አያግደውም፤ ከግድግዳው በስተጀርባ እናት ምጣድ ጥዳ፣ ሕፃን ተኝቶ ይሆናል። ስለዚህ የፖሊስ ሽጉጥ የመጀመሪያው መልካም ጠባይ ኃይሉ ሳይሆን ያነጣጠሩበትን መምታቱ ነው።

፭. ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ሥልጣኖች ዋጋውን ከመወሰናቸው በፊት ከዚህ ቀጥለው ያሉትን ይጠይቁ።

ሀ. ተራው ፖሊስ ያለ ልዩ መሣሪያ ፈትቶ ሊገጥመው ይችላልን? ሲፈታስ ምላጩን መሳብ ያስፈልጋልን? ግሎክ ሲፈታ ምላጩ ይሳባል፤ ስለዚህ ጥይት ጎርሶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያላጣራ ሰው ይተኩሳል። ሲግ ፕሮ 2022 ግን ምላጩ ሳይነካ ይፈታል።

ለ. የምላጩ አሳሳብ አንድ ዓይነት ነውን? በግሎክ ሁሉም አሳሳብ እኩል ነው፤ በሲግ ፕሮ የመጀመሪያው ከባድና ረጅም፣ ተከታዮቹ ቀላል ናቸው። ሁለቱም ልምምድ ይጠይቃሉ፤ ልምምዱ ግን የተለያየ ነው።

ሐ. እጁ ትንሽ የሆነ ፖሊስ፣ በተለይም ሴት ፖሊስ፣ በሚገባ ሊጨብጠው ይችላልን?

መ. ሞላ፣ መምቻ መርፌና ትርፍ ካርታ ከሽጉጡ ጋራ ተገዝተዋልን? ለልምምድ የሚሆን ጥይትስ በየዓመቱ በበጀት ተይዞለታልን? ርካሽ ሽጉጥ መለዋወጫ ከሌለው ውድ ነው።

ሠ. ጥቂቶቹ ተገዝተው በአገሩ አቧራና በባሕሩ አየር ለብዙ ወራት ተፈትነዋልን? በሌላ አገር ብርድ የተመሰከረለት በእኛ ሙቀት ይመሰከርለት ዘንድ ግድ የለምና።

፮. ስለ አያያዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባሕር ዳር ከተማ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ሽጉጦቹ በአዲስ የቆዳ ማኅደር ውስጥ እንዳሉ በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ጠባቂውም በሥርዓቱ ይኮራ ነበር። አንዱን ስናወጣው ግን ቆዳው የነካው ጎን ሁሉ ዝጎ አገኘነው። ሰውየው ቸልተኛ አልነበረም፤ ቆዳ እርጥበትና ጨው እንደሚይዝ የነገረው ስላልነበረ ነው። ሽጉጥ በማኅደር ይታጠቁታል እንጂ በማኅደር አያሳድሩትም።

ሽጉጥ ሲወለወል ሥርዓቱ ይህ ነው። በመጀመሪያ ካርታው ይወጣል፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ብረት ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፤ ከዚያም መጕረሻው በዓይን ታይቶ በጣት ይዳሰሳል። ጥይቱ ከሚወለወልበት ጠረጴዛ ይራቅ። አፈ ሙዙ ከመጕረሻው ወገን በቡርሽና በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከባሩድ የቀረው ጥቀርሻ ይወገዳል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ይህ ግዴታ ነው፤ በባሕር ዳር አገር ግን ባይተኰስም እንኳ በየሳምንቱ ቢደረግ መልካም ነው። ካርታውም ከውስጥ ይጠረግ፤ ብዙ ጊዜ ሽጉጥ የሚነክሰው በካርታው ጥፋት ነውና።

በጣቢያው በር አጠገብ አሸዋ የተሞላ በርሜል ይቀመጥ፤ ሽጉጡን የሚያጐርስና የሚያራግፍ ሁሉ አፈ ሙዙን ወደዚያ ያዙር። ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን ሕይወት ነው።

፯. ስለ መዝገብና ስለ ሕግ

ጅቡቲና ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቻቸው ጋራ በኤፕሪል 2004 በናይሮቢ የፈረሙት ስለ ቀላል መሣሪያዎች የተደረገ ስምምነት የመንግሥት መሣሪያ ሁሉ ምልክትና መዝገብ እንዲኖረው ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 በሃቫና ያጸደቁት መመሪያም ፖሊስ በሰው ላይ መተኮስ የሚገባው የሰው ሕይወት በአደጋ ላይ ሲሆንና ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ሽጉጥ ሲወጣና ሲገባ ቍጥሩ፣ የጥይቱ ብዛት፣ የተቀባዩና የመላሹ ፊርማ ይመዝገብ። አንዲት ጥይት ብትጐድል ምክንያቷ ይጠየቅ።

ትዕግሥትም የመሣሪያ ትምህርት ክፍል ነው። በፌብሩዋሪ 1976 በጅቡቲ የተጠለፈ የተማሪዎች አውቶቡስ ወደ ሎያዳ በተወሰደ ጊዜ የፈረንሳይ ዣንዳርሞች ጠመንጃቸውን አነጣጥረው በፀሐይ ላይ ለብዙ ሰዓታት ሳይተኩሱ ቈይተዋል፤ የጠበቁትም የልጆቹ ራስ ከመስኮቱ ዝቅ የሚልበትን ጊዜ ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ልጃገረዶች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንዲህ የሠለጠኑት እንኳ ሁሉን ማዳን ካልቻሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ፖሊስ በገበያ መካከል ሽጉጥ ሲመዝ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢው ያስብበት።

በአጭሩ ለመናገር፣ ለፖሊስ የሚስማማው ሽጉጥ ዕቃው ጥቂት፣ ጥይቱ የተለመደ፣ ሲወድቅ የማይተኩስ፣ መለዋወጫው የማይጠፋና ተራው ባለ መለዮ የሚወለውለው ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሰውየው ትምህርት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ከመታጠቅም መማር ይቅደም።